አንድ ሴንቲ ወዲህ፣ አንድ ሴንቲ ወዲያ፦ የጨቅላ ሕፃን መተንፈሻ ቱቦ የት ድረስ ይግባ?

"ልጄ፣ ይቺን ቱቦ እስከ ምኗ ድረስ ነው የከተታችሁባት?"

ጠያቂዋ አያት ናቸው። የልጃቸው ልጅ ቀኗ ሳይደርስ ተወልዳ ጎጃም ውስጥ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ተኝታለች። እኔ ሌላ ሰው ልጠይቅ ሄጄ ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ። ነርሷ ቸኩላለች፤ ግን አያትን ዝም ብሎ ማለፍ የለም። "እማማ፣ ከጉሮሮዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው" አለቻቸው። አያት አልተዋጠላቸውም። "ታዲያ ውስጡ አይታይ፤ በምን አወቃችሁት?"

ጥያቄው አብሮኝ ቤት ገባ። የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሞችም ከ40 ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት ነገር ነው። መልሱ ባጭሩ "በግምት" የሚል ነው። ግምቱ ግን በምን ላይ እንደሚቆም ካላወቅን፣ ሌላ አገር የተሠራ ቁጥር እኛ ጋ ሲመጣ ለምን እንደሚያነክስ አይገባንም።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ቀኑን ጨርሶ የተወለደ ሕፃን የአየር ቧንቧ ከድምፅ አውታሩ በታች ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ነው። አንድ ኪሎ የማይሞላ ሕፃን ከሆነ ደግሞ 3 ሴንቲ ገደማ። አውራ ጣትዎን ይመልከቱ። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው አንጓ ያለው ማለት ነው። በዚያች ርዝመት ውስጥ የቱቦው ጫፍ መሃል ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ በታች ቧንቧው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳንባ ይገነጠላል። ደጀን ላይ አንዱ መንገድ ወደ ማርቆስ፣ ሌላው ወደ ቢቸናና ሞጣ እንደሚለያየው። የሰውነታችን መገንጠያ ግን እኩል አይከፈልም። የቀኙ ቅርንጫፍ ሰፋና ቀና ያለ ስለሆነ፣ ጠልቆ የገባ ቱቦ ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ይነጉዳል።

ያኔ አየሩ ሁሉ ቀኝ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የግራው ባዶውን ቀርቶ ይኮማተራል። ቀኙ ከአቅሙ በላይ ይነፋል፤ ሲብስም ይቀደድና አየር ከሳንባው ወጥቶ ደረት ውስጥ ይጠራቀማል። በሌላ በኩል ቱቦው ከሚገባው በላይ ከፍ ካለ፣ ሕፃኑ ራሱን ትንሽ ሲያዞር ወጥቶ ቁጭ ነው። በትንሿ ሕፃን ላይ ከትክክለኛው ቦታ እስከ አንዱ ጥፋት ያለው ርቀት እንግዲህ አንድ ሴንቲ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል ነው።

ወደ ግምቱ እንምጣ።

በጣም የታወቀው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1979 ቶቸን የተባለ ሐኪም ያሳተመው ነው። የሕፃኑን ኪሎ ትወስዳለህ፣ 6 ትደምርበታለህ፤ ቱቦው ላይ ከታተሙት የሴንቲ ሜትር ቁጥሮች ከላይኛው ከንፈር ላይ የሚነበበው እሱ ነው። 1 ኪሎ ከሆነ 7፣ 2 ኪሎ ከሆነ 8፣ 3 ኪሎ ከሆነ 9። "ሰባት ስምንት ዘጠኝ" እያሉ የሚሸመድዱት ይህንን ነው። ውበቱ ቅለቱ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ ያጣ ሐኪም ሊረሳው አይችልም።

ግን ኪሎ የሚባለውን ነገር ማን መዘነው? ትንፋሽ አጥሮት የተወለደ ሕፃን መጀመሪያ ሚዛን ላይ አይወጣም። ይደርቃል፣ ይሞቃል፣ አየር ይሰጠዋል። ኪሎው በዓይን ይገመታል። እዚህ ላይ ቀመሩ አንድ መልካም ጠባይ አለው። በግማሽ ኪሎ ብትሳሳት ቱቦው ላይ የምትሳሳተው ግማሽ ሴንቲ ብቻ ነው። 3 ኪሎ በሚሆን ሕፃን ይህ ይታለፋል። 800 ግራም በምትሆን ሕፃን ላይ ግን ግማሽ ሴንቲ ትልቅ ነገር ነው። ከ750 ግራም በታች በሆኑት ላይ ደግሞ ኪሎው በትክክል ቢታወቅ እንኳ ቀመሩ ራሱ ወደ ጥልቁ ያዳላል። በጣም ትንንሾቹ በሕይወት መቆየት ከጀመሩ ወዲህ ነው ይህ ጉድለት ጎልቶ የታየው።

ሁለተኛው ዘዴ በእርግዝና ሳምንት ነው። ሠንጠረዥ አለው። 23 እና 24 ሳምንት ከሆነ 5.5 ሴንቲ፣ 25 እና 26 ከሆነ 6፣ ከ27 እስከ 29 ከሆነ 6.5፣ ከ30 እስከ 32 ከሆነ 7፤ እንዲህ እያለ በ38 እና በ40 መካከል 8.5 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአሜሪካኖቹ የጨቅላ ሕፃናት ነፍስ አድን ሥልጠና 7ኛ እትም የኪሎውን ቀመር ወደ ጎን ብሎ ይህን ሠንጠረዥ አስገብቷል። ሦስተኛውንም ዘዴ አብሮ፤ እመለስበታለሁ።

አስቂኙ ነገር፣ ሁለቱ ዘዴዎች አንዳንድ ሕፃን ላይ ይስማማሉ። ቀኑን ጨርሶ 2 ኪሎ ተኩል ሆኖ የተወለደ ሕፃን በኪሎውም በሳምንቱም 8.5 ነው። በ28 ሳምንት የተወለደች አንድ ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሕፃን ላይ ግን ይጣላሉ። ኪሎው 7 ይላል፣ ሳምንቱ 6.5። ስምምነት በጣም የሚያስፈልጋት እሷ ናት፤ ስምምነት የጠፋውም በእሷ ላይ ነው።

አሁን ሳምንቱን ጎጃም እናምጣው። ሠንጠረዡ የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበት ቀን ይታወቃል፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ ታይቷል ብሎ ያስባል። ከእናርጅ እናውጋ ወይም ከደጋ ዳሞት ወረዳ የመጣች እናት ግን ቀን ስትጠየቅ በዓል ትጠራለች። "የጥምቀት ሰሞን ነው" ትላለች። ይህ ስንፍና አይደለም። እንዲያውም ጥሩ የጊዜ መቁጠሪያ ነው፤ በዓሉ ቀኑን አይስትም። ችግሩ "ሰሞን" የሚለው ቃል ላይ ነው።

እንቁጠረው። ሕፃኗ ነሐሴ 1 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ሲገባ ተወለደች እንበል። እናትየው የወር አበባዋን ያየችው በትክክል ጥምቀት፣ ጥር 11 ከሆነ 200 ቀን ነው። 28 ሳምንት ከ4 ቀን። "ሰሞን" ያለችው ግን ገናን፣ ታኅሣሥ 29ን ከሆነ 212 ቀን ይሆናል፤ 30 ሳምንት ከ2 ቀን። አስተርእዮ ማርያምን፣ ጥር 21ን ከሆነ ደግሞ 190 ቀን፤ 27 ሳምንት ከ1 ቀን። አንድ ቃል፣ የሦስት ሳምንት ልዩነት። በሠንጠረዡ ላይ ቱቦው ከ6.5 ወደ 7 ይዘላል። ወራችን እኩል 30 ቀን መሆኑ ሂሳቡን እንዴት እንዳቀለለው ልብ በሉ። እርግዝናው ጳጉሜን ሲያቋርጥ ብቻ ነው ሰው የሚስተው።

ስለ ቆጠራ ካነሳን አይቀር፣ "ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን" የሚለው የእናቶቻችን ቁጥር ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከመጋቢት 29 ብሥራት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት ያለው ነው። ዘጠኝ ወር በ30 ሲባዛ 270፣ ጳጉሜ 5 ሲጨመር 275 ቀን። ጳጉሜ 6 በሚሆንበት ዘመን ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለውም ይህ 275 እንዳይፋለስ ነው። የሐኪሞቹ ቁጥር 280 ቀን ነው፤ የሚጀምሩት ግን ከፅንሱ ሳይሆን ከወር አበባው ነው። ስለዚህ እናት "ስምንት ወሬ ነው" ስትል፣ ከየት ጀምራ እንደቆጠረች ሳይጠየቅ ሠንጠረዥ ላይ መሮጥ አደጋ አለው።

ሌላም አለ። እናት በእርግዝናዋ በቂ ሳትመገብ ስትቀር፣ ወይም ደም ግፊት ሲኖራት፣ ሕፃኑ በሳምንቱ ልክ ላያድግ ይችላል። ያኔ ኪሎው አንድ ታሪክ ያወራል፣ ሳምንቱ ሌላ።

ሦስተኛው ዘዴ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጨርሶ አይጠይቅም። የሕፃኗን ፊት ነው የሚጠይቀው። በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች መካከል ካለው ግድግዳ ሥር ሜትሩን ታስነሳለህ። ከጆሮ ቀዳዳ ፊት እስካለችው ትንሽ ጉብታ ትዘረጋዋለህ፤ ሰው ጩኸት ሲረብሸው በጣቱ ወደ ውስጥ የሚጫናትን ማለቴ ነው። ያገኘኸው ላይ 1 ሴንቲ ትደምራለህ። ልኩ 6 ከሆነ ቱቦው ከከንፈር ላይ 7 ይነበባል። በቃ። ሚዛን የለ፣ በዓል የለ።

እኔ በበኩሌ ለጎጃም ገጠር የሚሻለው ይህ ነው ባይ ነኝ። በጥናት ከሁሉ በለጠ ስለተባለ አይደለም። ዘዴዎቹን ያነጻጸሩ ጥናቶች የማያሻማ አሸናፊ አላወጡም። የምመርጠው መረጃው ሁልጊዜ እጅ ላይ ስላለ ነው። ሚዛኑ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል። እናትየው ራሷን ስታ ልትመጣ ትችላለች። ፊቷን ሳትይዝ የምትወለድ ሕፃን ግን የለችም።

ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ጋቢ በክንድ፣ ቁመት በስንዝር ሲለካ ነው ያደግነው። የክንድ ልኬት ጣጣው የለካው ሰው ክንድ ከሌላው መለያየቱ ነበር፤ ነጋዴው አጭር ክንድ ያለውን ልጁን ይልካል ተብሎ ይቀለድ ነበር። እዚህ ግን ልኩም ተለኪውም አንድ ሰውነት ነው። የፊቷ ርዝመትና የቧንቧዋ ርዝመት አብረው ነው ያደጉት።

በጨቅላ ክፍል የሚሠሩ ነርሶች እጃቸውም ለምዶታል። መጥባት ለማትችል ሕፃን የእናት ጡት ወተት የሚሰጠው በቀጭን የሆድ ቱቦ ነው። እሱን ሲያስገቡ በየቀኑ ያንኑ ያደርጋሉ፤ ቱቦውን ከአፍንጫ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ ታች በደረት አጥንቱ ጫፍና በእምብርት መካከል እስካለው ቦታ ይዘረጉና ልኩ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ለመተንፈሻው ቱቦ የሚያስፈልገው የዚያ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። አዲስ ሥልጠና ከማለት ነባሩን ልምድ አንድ እርምጃ ማስኬድ ይባላል።

ጊዜ አይወስድም ወይ ለሚል፣ ይወስዳል። ጥቂት ሰከንድ። ስለዚህ የሚለካው ላሪንጎስኮፑ፣ ጉሮሮ የሚታይበት ባለ መብራት መሣሪያ፣ ከተነሳ በኋላ አይደለም። አንዱ ባለሙያ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) እና በማስክ አየር እየሰጠ ሌላው ይለካል። ብቻውን ተረኛ የሆነ ሰው ካለ ግን ይህ ሁሉ ወግ ነው፤ "ሰባት ስምንት ዘጠኝ" ይዞ መግባት ይሻለዋል። ብቻውን ቱቦ ከማስገባት ደግሞ በማስኩ መቀጠል ሳይሻለው አይቀርም።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ስለ ቱቦ ብዙ ስናወራ ሰው ሕፃናት የሚድኑት በቱቦ ይመስለዋል። ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ውስጥ 10 ያህሉ ለመተንፈስ አንዳች እርዳታ ይሻሉ። ቱቦን የመሰለ ከፍ ያለ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ከ1 በታች ናቸው። ቀሪው በማድረቅ፣ በማሞቅ፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በማስክ አየር በመስጠት የሚመለስ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ በመጀመሪያው ወራቸው ይሞቱ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ጥናት 33 ሆኖ ተገኘ። ከ5 ዓመት በታች ያለው ሞት ሲቀንስ ይህኛው አልቀነስ አለ። ይህን ቁጥር በብዛት የሚያወርደው ጤና ጣቢያው ላይ ያለችው አዋላጅ ነርስና ማስኳ ናቸው። ቱቦው የእነዚያ የ1 በመቶዎቹ ጉዳይ ነው። ግን እነሱም ልጆች ናቸው፤ ቱቦውን ካስገባን ቦታው ላይ እናስገባው።

ወደ አያት ጥያቄ ልመለስ። "ውስጡ አይታይ፤ በምን አወቃችሁት?" ግምቱ ከተወሰደና ቱቦው ከገባ በኋላ ማጣራት ይከተላል። ፈጣኑ ምልክት የልብ ምት ነው፤ ዝቅ ብሎ የነበረው ቶሎ ከፍ ካለ አየሩ ደርሷል። ቱቦው ጫፍ ላይ የምትሰካ ቀለም ቀያሪ መሣሪያ አለች። ከሳንባ የሚወጣው የተቃጠለ አየር ሲነካት ከወይን ጠጅ ወደ ቢጫ ትለወጣለች። ቢጫ ካልሆነች ቱቦው ምናልባት ምግብ ቧንቧ ውስጥ ነው። ልብ በሉ ታዲያ፣ ይቺ መሣሪያ የምትነግረን ቱቦው አየር ቧንቧ ውስጥ መሆኑን እንጂ ጥልቀቱን አይደለም። ቱቦው ቀኝ ሳንባ ውስጥ ተሰክቶም ቢጫ ትሆናለች። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ጥልቀቱን ለመገመት የሐኪሙ ማዳመጫ፣ ስቴቶስኮፕ፣ በሁለቱ ብብቶች ሥር ይደረጋል። በቀኝ ጎልቶ በግራ ከቀነሰ፣ የግራው እኩል እስኪሰማ ቱቦው በጥቂቱ ወደ ኋላ ይሳባል። ይህም ቢሆን ያታልላል። የአንድ ኪሎ ሕፃን ደረት ጠባብ ስለሆነ የቀኙ ድምፅ በግራ በኩል ያስተጋባል። ቁርጡን የሚናገረው ራጅ ነው። በራጁ ላይ የቱቦው ጫፍ ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው የደረት አከርካሪ አጥንት ትይዩ መታየት አለበት። ራጁም ታዲያ ሁሌ ፈጥኖ አይገኝም። ማሽኑ ወደ ሕፃኗ የማይመጣ ከሆነ ሕፃኗን ወደ ማሽኑ መውሰድ ሊኖር ነው፤ መንገድ ላይ ቱቦው ይነቃነቃል። ቱቦውን ለማየት ሄዶ ቱቦውን ማጣት።

እንቅስቃሴን ካነሳን፣ ሰዎች የማይጠብቁት ነገር አለ። ፕላስተሩ ሳይላላ፣ ከንፈሯ ላይ ያለው ቁጥር ሳይቀየር፣ ጫፉ ውስጥ ለውስጥ ይጓዛል። አገጯ ወደ ደረቷ ሲጠጋ ቱቦው ወደ ታች ይወርዳል። አንገቷ ወደ ኋላ ሲቀና ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ራጅ ሲነሳ አንገቷ እንዴት እንደነበር ካልተያዘ፣ ምስሉን ዓይቶ "ጠልቋል፣ ሳበው" ማለት ስህተት ሊሆን ይችላል። አንገቷ ጎንበስ ብሎ የተነሳ ምስል ከሆነ ቱቦው ቀድሞውኑ ልክ ነበር። ሳብከው፤ አንገቷን ስታቀና ወጣ።

ለጎጃም ይህ የወረቀት ነገር አይደለም። ከሞጣ ባሕር ዳር፣ ከቢቸና ማርቆስ፣ ሪፈር ማለት መንገድ ማለት ነው። ማርቆስ ከባሕር ዳር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች፣ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም፣ ያሉት ባሕር ዳር ነው። በግጭቱ ምክንያት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ አምቡላንሱ መቼ እንደሚደርስ አሽከርካሪውም አያውቅም። ቱቦ ገብቶላት የምትጓዝ ሕፃን ካለች፣ በየኮረብታውና በየኮረኮንቹ አንገቷ ይንቀሳቀሳል። አንገቷን በሁለት በኩል በተጠቀለለ ጨርቅ ማስደገፍ ምንም ወጪ የለውም። ፊቷ ላይ ላብና ምራቅ እንዳለ ፕላስተር ከመለጠፍ መጀመሪያ ማድረቅም እንዲሁ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ይገርመኛል፤ ቁጥሩን አለመጻፍ። "ቱቦ ገብቷል" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ተቀባዩ ሐኪም ምን ይያዝ? አሁን 8 ላይ ያያታል። ስትነሳ 8 ነበረች ወይስ 7? ተንሸራታ ነው ወይስ እንደዚሁ ነው የገባችው? ያችን አንዲት ቁጥር ስላጣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምራል። የቱቦው ስፋትም እንዲሁ ይጻፋል፦ ከአንድ ኪሎ በታች ለሆነች 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ከ1 እስከ 2 ኪሎ 3፣ ከዚያ በላይ 3.5። ሁለት ቁጥር፣ ግማሽ መስመር ቦታ።

ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ እንደቆምኩ ተረኛ ተቀያየረ። የገባችው ነርስ ሰላምታ ሳትጨርስ ጎንበስ ብላ የሕፃኗን ከንፈር አየች። ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አለ።

"ሰባት?" አለች።

"ሰባት ናት። ሌሊቱን ሙሉ አልተነቃነቀችም።"

አያት ወደ እኔ ዞሩ። "ምኗ ነው ሰባት?"